የሃሎዊን ማታ ምን እንይ? የሚያስፈራውን ወይስ የሚያስቀውን?

ኦክቶበር ሊያልቅ ሲል ከጓደኞቼ የሚደርሰኝ መልእክት ተመሳሳይ ነው፦ «ለሃሎዊን የሚሆን ጥሩ ፊልም ንገረን።» እኔም ሁሌ በጥያቄ እመልሳለሁ። ማን ማን ነው የሚመጣው?

ይህን የምጠይቀው ሆረር የሚባለው አስፈሪ ፊልም ሁለት ጎራ ስላለው ነው። አንደኛው የምሩን ሊያስፈራችሁ ይመጣል። ሁለተኛው፣ ካምፒ የሚባለው፣ ሁሉን ነገር ያጋንናል። ደሙ ቀለም መሆኑ ያስታውቃል፤ ጭራቁም የጎማ ልብስ የለበሰ ሰው መሆኑ አይደበቅም። የመጀመሪያው ጨለማ፣ ዝምታና ጥቂት ሰው ይፈልጋል። ሁለተኛው የሚያምርበት ቤቱ ሞልቶ፣ ሰው ቴሌቪዥኑ ላይ እየጮኸና እየተሳሳቀ ሲያየው ነው። ሁለቱን ካቀያየራችሁ ማታው ይበላሻል። አሥር ሰው በሚንጫጫበት ሳሎን ውስጥ ጥሩ አስፈሪ ፊልም ይሞታል። ለብቻ የታየ ካምፒ ፊልም ደግሞ መጥፎ ፊልም ብቻ ሆኖ ያርፋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ሰዉን ቁጠሩ፤ ፊልሙ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

በሩ እየተንኳኳ

አሜሪካ ለምትኖሩ ሌላም ጣጣ አለ። ሃሎዊን ማታ ከመሸ ጀምሮ እስከ ሁለት ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ የሰፈር ልጆች ለከረሜላ በር ያንኳኳሉ። በዚህ ሰዓት የምር አስፈሪ ፊልም መክፈት ድካም ነው። ዳይሬክተሩ አሥር ደቂቃ ሙሉ ሲያጠራቅም የቆየውን ፍርሃት ልዕልት መስላ የመጣች የአራት ዓመት ልጅ በአንድ ደወል ትበትነዋለች።

ለዚህ ሰዓት የሚሆነው ተነስታችሁ ሄዳችሁ ስትመለሱ ምንም ያላመለጣችሁ የማይመስል ፊልም ነው። የእኔ ምርጫ በ1988 የወጣው «ኪለር ክላውንስ ፍሮም አውተር ስፔስ» ነው። ታሪኩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል። ክላውን (ፊቱን ቀለም የተቀባ የሰርከስ ቀልደኛ) የሚመስሉ ፍጥረታት ከጠፈር መጥተው አንዲት ትንሽ ከተማ ላይ ያርፋሉ። ጠመንጃቸው ፈንዲሻ ይተኩሳል። የያዙትን ሰው እንደ ጥጥ በተፈተለ ከረሜላ ጠቅልለው ይሰቅሉታል። አስቂኝ ነው፣ ትንሽም ይቀፋል፤ ሃያ ደቂቃ ቢያመልጣችሁ ማንንም «ምን ሆነ?» ብላችሁ አትጠይቁም።

ከረሜላው ሲያልቅ የበረንዳውን መብራት አጥፉ። መብራት የጠፋበት ቤት አይንኳኳም። የምር ፊልም የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ጭምብሉ ወይስ መጋዙ

ከክላሲኮቹ መሃል ሰው በብዛት የሚያመነታው በሁለት ፊልሞች ነው። አንዱ በ1978 የወጣው የጆን ካርፔንተር «ሃሎዊን»፣ ሌላው በ1974 የወጣው የቶቢ ሁፐር «ዘ ቴክሳስ ቼይንሶ ማሳከር»። ሁለቱም በትንሽ ገንዘብ የተሠሩ ናቸው፤ ሁለቱም ጭምብል ያጠለቀ ገዳይ አላቸው። ሲታዩ ግን ፈጽሞ አይገናኙም።

«ሃሎዊን» ትዕግሥተኛ ነው። ገዳዩ ማይክል ማየርስ ብዙውን ጊዜ ምንም አያደርግም። ቆሞ ያያል። አጥር ጥግ ይታያል፤ ልብስ በተሰጣበት ግቢ ይታያል፤ ከዚያ ይጠፋል። ደም የለውም ማለት ይቻላል። ፍርሃቱ የሚመጣው ከቦታው ባዶነትና ካርፔንተር ራሱ ከሠራው የፒያኖ ሙዚቃ ነው። ያ ነጭ ፊት መጀመሪያ «ስታር ትሬክ» በሚባለው የጠፈር ድራማ ያለውን የካፒቴን ከርክን ፊት አስመስሎ የተሠራ የጎማ ጭምብል ነበር። ነጭ ቀቡት፣ የዓይኑን ቀዳዳ አሰፉት፣ አለቀ። ቀረጻው የተካሄደው ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ዛፉ ሁሉ አረንጓዴ በሆነበት ወቅት ነው። የረገፈ ቅጠል ለማስመሰል ቅጠል ቀለም እየቀቡ ይበትኑ ነበር፤ ትዕይንቱ ሲያልቅ ለቅመው ለሚቀጥለው ይወስዱታል። ልብ ብላችሁ ካያችሁ ከጀርባ ያሉት ዛፎች ያጋልጧቸዋል።

ከሐበሻ ጋር ሳየው በብዛት የሚያስደነግጠው ቢላዋው አይደለም። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ሎሪ የጎረቤት በር እየደበደበች «አድኑኝ» ስትል ጎረቤቱ መብራት አብርቶ፣ አይቶ፣ መልሶ ያጠፋዋል። እዚህ ላይ ክፍሉ ውስጥ የሆነ ሰው «ምን ዓይነት ሰፈር ነው!» ማለቱ አይቀርም።

«ቼይንሶ» ትዕግሥት የሚባል ነገር አያውቅም። ስሙን ሰምቶ ደም በደም የሚጠብቅ ሰው ይገረማል እንጂ በግልጽ የሚያሳየው ደም ትንሽ ነው። የሚያደክመው ሙቀቱ፣ ጩኸቱና የመጋዙ ድምፅ ነው። የተቀረጸው በቴክሳስ ሐሩር ነው፤ ሽታው ራሱ ከስክሪኑ የሚወጣ ይመስላል። እንግሊዝ ውስጥ እስከ 1999 ድረስ ከአገሪቱ የፊልም ደረጃ ሰጪ ቦርድ ፈቃድ አላገኘም። ርዝመቱ 83 ደቂቃ ብቻ ነው፣ ሲያልቅ ግን ሦስት ሰዓት የቆያችሁ ይመስላችኋል። ገዳዮቹ ቤተሰብ የእርድ ቤት ሠራተኞች ስለነበሩ፣ በኋላም አንድ የማይረሳ የእራት ትዕይንት ስላለው፣ ክትፎ ያቀረበ ሰው ሌላ ፊልም ይምረጥ።

ሆረር ብዙ የማያይ ሰው ካለ ያለ ምንም ማመንታት «ሃሎዊን»። ሁለተኛ ፊልም ካሰኛችሁ ደግሞ የዌስ ክሬቨንን «ስክሪም» አስከትሉ፤ የ1996 ነው። ገጸ ባሕርያቱ ራሳቸው ፓርቲ ላይ ተሰብስበው «ሃሎዊን»ን ያያሉ፤ አንዱ ተነስቶ ከሆረር ፊልም በሕይወት ለመውጣት የሚያስፈልጉትን ሕጎች ያስተምራል። ቅደም ተከተሉን ከገለበጣችሁት ግን ግማሹ ቀልድ ያመልጣችኋል።

ጸበል ያየ ሰው

ጭምብል ያጠለቀ ገዳይ ብዙ ሐበሻ አያስፈራም። «ለምን አትሮጥም?» «ለምን ወደ ላይ ትወጣለች?» እየተባለ ይሳቃል። ሰይጣን የያዘው ሰው ሲመጣ ግን ቤቱ ጸጥ ይላል። ጸበል ቦታ ሰው በራሱ ድምፅ ባልሆነ ድምፅ ሲጮህ የሰማ ሰው ይህን እንደ ተረት አያየውም። አሜሪካዊ ጓደኛዬ በፈንዲሻ የሚያየውን ፊልም እኔ እግሬን ሰብስቤ ነው የማየው።

ስለዚህ በዚህ ዘርፍ ምርጫው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዋናዎቹ ሁለት ናቸው፦ የ1973ቱ «ዘ ኤክዞርሲስት» እና የ2013ቱ «ዘ ኮንጀሪንግ»።

የዊልያም ፍሪድኪን «ዘ ኤክዞርሲስት» ቀስ ብሎ ነው የሚጀምረው። የመጀመሪያው ሰዓት በአብዛኛው የሐኪም ቤት ነው። እናት ልጇን ይዛ ከአንዱ ዶክተር ወደ ሌላው ትሄዳለች፣ ምርመራ በምርመራ ይደራረባል፣ መልስ የለም። ወደ ቄስ የምትሄደው ሌላው በር ሁሉ ሲዘጋባት ነው። ይህን መንገድ የማያውቅ የእኛ ቤተሰብ ጥቂት ይመስለኛል፤ ፊልሙ ከፈረንጅ ይልቅ እኛን የሚነካንም ለዚህ ነው። የልጅቷን ክፍል የምር አቀዝቅዘው ስለቀረጹት ከተዋንያኑ አፍ የሚወጣው ጭስ የምር ትንፋሻቸው ነው። ፊልሙ ለ10 ኦስካር ታጭቶ ሁለት ወስዷል፤ ለምርጥ ፊልም የታጨ የመጀመሪያው ሆረርም እሱ ነው።

ታሪኩ የሚካሄደው ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ጆርጅታውን ነው። ያ ዝነኛ ገደላማ ደረጃ ዛሬም እዚያው አለ፤ 75 ደረጃ ነው። ዲሲና አካባቢው ያለን ሰዎች ምናልባት ሳናውቀው አጠገቡ አልፈናል። ፊልሙን አይቶ በማግስቱ ደረጃውን መውጣት የሚወድ ሰው አለ። እኔ ቀን ቀን ብቻ።

የጄምስ ዋን «ዘ ኮንጀሪንግ» ሌላ ዓይነት ነው። አምስት ሴት ልጆች ያሉት ቤተሰብ በ1971 ሮድ አይላንድ ውስጥ የገጠር ቤት ይገዛል፤ ቤቱ ባለቤት አለው። ድንገት የሚያስበረግግ ትዕይንት በየቦታው አለ። በሚገባ የተሠራ ነው፤ አራት ሰው ሶፋ ላይ ተጠጋግቶ እየጮኸ የሚያየው ዓይነት። ደም ያን ያህል ባይኖረውም አሜሪካ ውስጥ «አር» ደረጃ (ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ አዋቂ የማይገባበት) ተሰጥቶታል፤ ምክንያቱ በአብዛኛው ፍርሃቱ ራሱ ነው። ልዩነቱን በአጭሩ ልንገራችሁ። «ኮንጀሪንግ» ማታውን ያስጮሃችሁና ጠዋት ይለቃችኋል። «ኤክዞርሲስት» ማታ ብዙም አያስጮህም፤ ግን በሚቀጥለው ሳምንት ብቻችሁን ስትሆኑ ይመጣል።

ሦስተኛም አለ፣ የአሪ አስተር «ሄሪዲታሪ»፣ 2018። ከሦስቱ ከባዱ እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ከሰይጣኑ በፊት ሐዘን ነው። ቶኒ ኮሌት እናት ሆና የምታለቅሰውን ለቅሶ ትወና ነው ማለት ይከብዳል። ቤተሰብ ውስጥ ገና አርባው ያልወጣ ሐዘን ካለ አትክፈቱት። ሌላ ዓመት ይደርሳል።

አሁን ደግሞ ቤት ውስጥ እናት ወይም አያት ካሉ። ኦክቶበር 31 በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት 21 ላይ ይውላል፤ የማርያም ዕለት ነው። እሳቸው ጓዳ ውስጥ ዳዊት እየደገሙ ሳሎን ውስጥ ሰይጣን በላቲን ሲሳደብ መስማት የለባቸውም። ሃሎዊንን እንደ ባዕድ አምልኮ የሚያዩ ብዙ ወላጆች አሉ፤ ክርክሩ በአንድ ማታ አያልቅም። በዚህ ቤት የመናፍስቱን ዘርፍ ሙሉ በሙሉ ዝለሉና ወደሚያስቀው እለፉ።

እግረ መንገዴን፦ አስፈሪ ፊልም ስታዩ ሰብታይትሉን አጥፉ። በሩ ሲጥ ከማለቱ በፊት «በር ሲጥ አለ» ብሎ ከነገራችሁ ምን ቀረ?

ሆን ብሎ የሚያስቅ፣ ሳያውቅ የሚያስቅ

ካምፒ የሚባሉትን ለመምረጥ አንድ ነገር መለየት ይበቃል። የሠራው ሰው መሳቂያ መሆኑን ያውቅ ነበር ወይ?

የሚያውቀው ሰው ምሳሌ ሳም ራይሚ ነው፤ ፊልሙ «ኢቭል ዴድ 2»፣ 1987። ጫካ ውስጥ ያለች ጎጆ፣ የተረገመ መጽሐፍ፣ ክፉ መንፈስ። ብሩስ ካምቤል የሚጫወተው አሽ የገዛ እጁ ይከዳዋል። እጁ ጸጉሩን ይዞ ይጎትተዋል፣ ሳሕን እያነሳ አናቱ ላይ ይሰብርበታል። በመጨረሻ በመጋዝ ይቆርጠዋል፣ ባልዲ ይደፋበታል፣ እንዳያመልጥም ላዩ ላይ መጽሐፍ ይጭናል። የመጽሐፉ ርዕስ «ኤ ፌርዌል ቱ አርምስ» ነው፣ «ክንዶች ሆይ፣ ደህና ሁኑ» ተብሎም ይነበባል፤ እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ይህን ሲያይ ከሶፋው ይወድቃል። ደሙ እንደ ቧንቧ ይፈሳል፣ አንዳንዴ ጥቁር ነው፣ አንዳንዴ አረንጓዴ። 84 ደቂቃ ነው፤ አንዲት ደቂቃ አይባክንም። እኔን ከጠየቃችሁኝ በዚህ ዘርፍ የሚወዳደረው የለም።

ሳያውቅ የሚያስቀው ደግሞ «ትሮል 2» ነው፣ 1990። ርዕሱ ትሮል ይላል፤ ፊልሙ ውስጥ አንድም ትሮል የለም። ያሉት ጎብሊን የሚባሉ ሌላ ዓይነት የተረት ጭራቆች ናቸው። ጎብሊኖቹ ሥጋ አይበሉም። ስለዚህ ሰውን አረንጓዴ ነገር አብልተው ወደ አትክልት ይለውጡትና ከዚያ ይበሉታል። አዎ፣ ጾመኛ ጭራቆች። ፊልሙን የሠሩት ጣሊያኖች ናቸው፤ የተቀረጸው ዩታ ውስጥ፣ በአብዛኛው ልምድ በሌላቸው የአካባቢው ሰዎች ነው። አባትየውን የተጫወተው ሰው የጥርስ ሐኪም ነው። ማንም ሰው እንደዚያ አይናገርም፣ እነሱ ግን ይናገራሉ፣ ያውም ከልባቸው። በኋላ ስለዚህ ፊልም ራሱን የቻለ ዶክመንተሪ ተሠርቶለታል።

ሁለቱን ሳወዳድር ልዩነቱ መሃሉ ላይ ይመጣል። ሆን ብሎ የሚያስቀው እስከ መጨረሻ ይወስዳችኋል። ሳያውቅ የሚያስቀው መሃል ላይ ይደክማል፤ ያኔ የሚያድነው ክፍሉ ውስጥ ያለው ወሬ ነው። ስለዚህ ከስድስት ሰው በላይ ከሆናችሁና ተጫዋች ጓደኛ ካላችሁ «ትሮል 2»። ሁለት ሦስት ሰው ከሆናችሁ «ኢቭል ዴድ 2»።

«የምንጊዜም መጥፎ ፊልም» ተብሎ የሚጠራውን የኤድ ዉድ «ፕላን 9 ፍሮም አውተር ስፔስ» የሚያነሳ ሰውም አይጠፋም። ዝናው ከፊልሙ ይበልጣል። የመቃብር ድንጋዮቹ ሲነኩ ይወዛወዛሉ። ተዋናዩ ቤላ ሉጎሲ ቀረጻው ሳይጀመር በ1956 ሞቶ ስለነበር ቀድሞ ከቀረጹት ቁራጭ ጋር ሌላ ሰው ተክተው ቀጠሉ፤ ምትኩ ፊቱን በካባ ሸፍኖ ይዞራል። ቁመታቸው እንኳን አይመጣጠንም። ግማሽ ሰዓት እዩትና በቃችሁ።

እናትና አባት እንግሊዝኛው ከከበዳቸው ካምፒው ይሻላል። በገዛ እጁ የሚደበደብ ሰው ትርጉም አያስፈልገውም።

ልጆች ካሉ

እዚህ ላይ ወላጆች ከደረጃው ፊደል አልፈው ማየት አለባቸው። «ፒጂ» (ልጆች በወላጅ ምክር የሚያዩት) የተባለ ሁሉ አንድ አይደለም።

«ሆከስ ፖከስ» በ1993 የወጣ የዲዝኒ ፊልም ነው፤ ሦስት ጠንቋይ እህትማማቾች ሴለም ከተማ ውስጥ ከሞት ይነሳሉ። ከስምንት ዓመት በላይ ላለ ልጅ አስደሳች ነው። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጠንቋዮቹን የሚያስነሳውን ሻማ ማብራት ያለበት ድንግል የሆነ ሰው ነው፤ ፊልሙም ይህን ቀልድ ደጋግሞ ያነሳዋል። ልጃችሁ ዞሮ ምን ማለት እንደሆነ ይጠይቃችኋል። አጎቶች በተሰበሰቡበት ሳሎን መልሱን አስባችሁ ቆዩ።

የቲም በርተን «ቢትልጁስ» (1988) በእኔ ሚዛን የተሻለ ፊልም ነው። የሞቱት ባልና ሚስት ቤታቸውን የገዙትን ሰዎች ሊያስወጡ ሲታገሉ፣ እራት ላይ የተቀመጡት እንግዶች ሳይወዱ በግድ ሲዘፍኑና ሲጨፍሩ ማየት ለአያትም ለልጅም ይሆናል። ይሁንና «ፒጂ» ተብሎም አንድ ከባድ ስድብ አለበት። «ግሬምሊንስ» (1984) ደግሞ የገና ፊልም ነው፤ ሳንታ ክላውስን የሚያምን ልጅ ካላችሁ አታሳዩት፣ ምክንያቱን ስታዩት ትረዱታላችሁ። በነገራችን ላይ «ፒጂ 13» የሚባለው፣ ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ጠንከር ያለ ማስጠንቀቂያ የሚሰጠው ደረጃ በዚያው ዓመት የመጣው በዚህ ፊልምና በአንድ የኢንዲያና ጆንስ ፊልም ምክንያት ወላጆች ስለጮኹ ነው።

የስድስት ዓመት ልጅ ካለ «ዘ ናይትሜር ቢፎር ክሪስማስ»። 76 ደቂቃ ነው፤ ዘፈን አለው፤ ያልቃል፣ ይተኛል። የዚያኑ ዳይሬክተር የሄንሪ ሴሊክን «ኮራላይን» ግን ለትልልቆቹ አስቀምጡ። በዓይን ፋንታ አዝራር የተሰፋባት እናት አዋቂም ታስፈራለች።

ሁለቱንም ለሚፈልግ

አንዱ ሊስቅ፣ ሌላው ሊፈራ ከመጣ መካከለኛው መንገድ ሦስት ነው። «ሾን ኦፍ ዘ ዴድ» (2004) ስለ ዞምቢ ነው፤ ስቃችሁ ስቃችሁ መጨረሻው አካባቢ ሳታስቡት ልባችሁን ይነካዋል። «ዋት ዊ ዱ ኢን ዘ ሻዶውስ» (2014) ኒውዚላንድ ውስጥ ቤት ተጋርተው ስለሚኖሩ ቫምፓየሮች ነው። ዋናው ጠባቸው ሳሕን ማጠብ ነው፤ አንደኛው ለአምስት ዓመት ተራውን አልተወጣም። ስደት ላይ ቤት ተጋርቶ የኖረ ሰው ይህን ፊልም እንደ ዶክመንተሪ ነው የሚያየው። ፍርሃት ግን አትጠብቁ።

ሦስተኛው የጆርዳን ፒል «ጌት አውት» ነው፣ 2017። አንድ ጥቁር ወጣት ከነጭ ፍቅረኛው ወላጆች ጋር ሊተዋወቅ ይሄዳል። ሁሉም ሰው በጣም ትሑት ነው፤ ከመጠን በላይ። አሜሪካ ውስጥ በሥራ ግብዣ ላይ ብቸኛው ጥቁር ሆኖ የቆመ ሰው ያቺን ፈገግታ ያውቃታል። በአየር ማረፊያ ጥበቃ ላይ የሚሠራው ጓደኛው ሮድ ደግሞ ተመልካቹ ሊጮህ የሚፈልገውን ሁሉ በስልክ ይጮህለታል። ፒል በዚህ ፊልም ለምርጥ ኦሪጂናል ስክሪፕት (ከሌላ ሥራ ላልተወሰደ ጽሑፍ) ኦስካር አገኘ፤ በዚያ ዘርፍ ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ነው። ወጣቶችና ትልልቆች አብረው ከተቀመጡ እኔ የምከፍተው ይህን ነው፤ ሲያልቅ ወሬው ከፊልሙ ይረዝማል።

ገንዘብ ሳያወጡ

ከላይ ያሉት አብዛኞቹ ወይ በኪራይ ወይ በወርሃዊ ክፍያ ነው የሚገኙት፤ የትኛው የት እንዳለም በየወሩ ይቀያየራል። አንድ ትልቅ ፊልም ግን በሕጋዊ መንገድ በነጻ ይታያል። የጆርጅ ሮሜሮ «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ»፣ 1968። አከፋፋዩ የፊልሙን ርዕስ ሲቀይር የባለቤትነት መብት ማስታወቂያውን አዲሱ ርዕስ ላይ ሳያሰፍር ቀረ፤ በጊዜው የአሜሪካ ሕግ መሠረት ፊልሙ የሁሉም ሰው ሆነ። ዛሬ የምናውቀው ዞምቢ የተወለደው እዚህ ነው፣ ምንም እንኳ ፊልሙ ውስጥ ቃሉ አንዴም ባይነሳ። ጀግናው ጥቁር ተዋናይ ነው፣ ዱዌን ጆንስ፤ በ1968 ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ጥቁርና ነጭ ነው፣ 96 ደቂቃ ነው፤ መጨረሻው ዛሬም ያማል።

የማንም ስላልሆነ ኢንተርኔት ላይ በየዓይነቱ ቅጂ ተበትኗል። ቀለም የተቀባውን እለፉት። የደበዘዘና ድምፁ የሚንሿሿ ቅጂ ከገጠማችሁም ዝጉትና ሌላ ፈልጉ። ትንሽ መክፈል ከቻላችሁ የቆዩ ፊልሞችን እያደሰ የሚያወጣው ኩባንያ ክሪተሪዮን በ2018 ያወጣው የታደሰ ቅጂ ከሁሉም የጠራ ነው።